የአረጋ ካርድ

የአረጋን ሬሳ ከገደሉ ሥር ያወጡት ረፋድ ላይ ነው። ገደሉ በላስታ ተራራ ላይ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ጓሮ ነው፤ አረጋም እዚያው ተኝቶ ሲታከም አራተኛ ቀኑ ነበር። መርማሪ ሰብሌ ከላሊበላ ስትደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ነርሷን ይማርሽን ሁለት ሚሊሻዎች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ልጆቼ፣ በተቆጣ ሰው መሐል ብቻውን የቆመን ማየት ሆድ ያባባል።

«ገፍታ ጣለችው» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም ደሳለ። «ስታሯሩጠው ያየ ሰው አለ።»

«ስትገፋውስ ያየ አለ?»

«ሴትዮ፣ የማን ወገን ነሽ?»

ሰብሌ ወደ ገደሉ ሄደች። ሌሊቱን ዘንቧል፤ ሬሳውን ያወጡት ደግሞ በታች በኩል ስለሆነ ጭቃው አልተረገጠም። የአረጋ ዱካ እስከ ጫፉ ይሄዳል። የነርሷ ግን ሃያ እርምጃ ሲቀረው ቆሟል፤ እዚያው የሁለት ጉልበት ምልክት አለ።

ተመልሳ ይማርሽን «ለምን ሮጥሽ?» አለቻት።

«ሁለት ቀን እረፍት ላይ ነበርኩ። ዛሬ ስገባ አረጋን ከጠረጴዛዬ ፊት ባስተኛሁበት አልጋ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። ወዳዛወሩበት የኋላ ክፍል ብሄድ አልጋው ባዶ ነው።»

«ባዶ አልጋ ያስሮጣል?»

«የእሱ ያስሮጣል። የገባ ቀን ጋቢውን አጠገቡ ለተኛው ሰጠ፤ ያገኘውን ሁሉ ‹ይቅር በሉኝ› ይላል። ስንሰለጥን እንደተነገረን፣ ‹ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?› ብዬ በግልጽ ጠየቅሁት። ‹አዎ› አለኝ። ከዓይን እንዳይለይ፣ አጠገቡ ሰው እንዳይጠፋ ብዬ ካርዱ ላይ ጻፍኩ።»

የጣቢያው ኃላፊ ሙሉሃብት ሳቀ። «ሦስት ቀን ሰልጥና ሐኪም ሆና መጣች። ጠይቃ ጠይቃ ሐሳቡን ያስገባችበት እሷ ናት። ካርዱ ይኸው፤ ሆድ ቁርጠት ነው የሚለው።»

«ጥያቄ ሐሳቡን አያስገባም» አለች ይማርሽ። «ሲጠየቅ አለቀሰ፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው።»

በእሷ ምትክ ተረኛ የነበረው ነርስ ዘመኑ አንገቱን ደፋ። «እኔም ሆድ ቁርጠት የሚለውን አንብቤ ነው ወደ ኋላ ያዛወርኩት። የፊቱ አልጋ በጠና ለታመመች ሴት አስፈለገ።»

ሰብሌ ካርዱን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ ስትመለስ አራቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ይማርሽ ገደሉ ጫፍ አልደረሰችም፤ ጭቃው ይመሰክራል። አሁን ወደ ካርዱ። የመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ በይማርሽ ስም ነው፤ የይማርሽ እጅ ግን አይደለም። በሌሎቹ ካርዶች ላይ የጻፈችውን አይቻለሁ። ይህ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ያለውን የተረኛ ዝርዝር የጻፈው እጅ ነው። ዝርዝሩን ማን ጻፈው?»

ዘመኑ ሙሉሃብትን አየው።

«የፊተኛው ካርድ ጠፍቶ ሌላ ተጻፈ። ኃላፊው ለራሱ የሚያገኘው ነገር የለም፤ የለመነው ሰው አለ። አረጋን ሲያስታምም የነበረ ዘመድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አቶ ደሳለ፣ እርስዎ ነዎት።»

ደሳለ ወደ ካርዱ ጣቱን ቀሰረ። «ራሱን ሊያጠፋ አስቧል ተብሎ እንደተጻፈ ቢቀርስ? ፍትሐት ሊከለከል ነው? ሴት ልጆቹን ማን ሊያገባቸው?»

«ንስሐ አባቱን ጠየቋቸው?»

«ምን ብዬ? አፈርኩ።»

«ስለዚህ አባም አላወቁ፣ ዘመኑም አላወቀ። የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንዳያውቅ ተደረገ።»

«እኔ ለቤተሰቡ አዝኜ ነው» አለ ሙሉሃብት።

«እሷ በሐሰት ስትያዝስ ለማን አዘኑ?» አለችውና ሚሊሻዎቹን ወደ እሱ ጠቆመቻቸው።

ይማርሽን ለቀቋት። ይቅርታ ያላት የለም። ክንዷን እያሻሸች ደሳለ ፊት ቆመች።

«ጋሼ ደሳለ፣ የአረጋ ባለቤት አሁን ከማን ጋር ናት?»

«አንቺን ምን አገባሽ?»

«ብቻዋን ናት ወይ ነው ያልኩዎት።»

ደሳለ ግቢውን የሞላውን ሰው ዞሮ አየ። «ሰው ሁሉ ወደዚህ መጣ» አለ።

«እንግዲያው ይምሩኝ። ቤቱን አላውቀውም።»

እያጉረመረመ ፊት ፊቷ ወጣ፤ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ግን እርምጃው ወደ ሩጫ ተለወጠ።