የአማቴ ሞተር

ቢሻውን ያገኘሁት ጥቁር ለብሼ፣ ሆዴ ገፍቶ፣ ዝገት የበላው የጀልባ ሞተር በባጃጅ አስጭኜ፣ ጎንደር ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ነው። ለፍቅር የሚሆን መልክ አልነበረኝም።

ሞተሩ የባሌ አባት ንብረት ነበር። ሰውዬው ከሞቱ ጀምሮ ጎርጎራ፣ አማቴ ጓዳ ውስጥ ወድቆ ዶሮ ሲያድርበት ኖሯል። ባሌ ጀልባዋን በመቅዘፊያ እየነዳ «አንድ ቀን አስጠግነዋለሁ» እንዳለ፣ ገና ማርገዜን ሳናውቅ ድንገት ታሞ ሞተ። እኔም ሞተሩ ከሠራ ሰውም እህልም አሻግሬ ልጄን አሳድጋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ቢሻው ክዳኑን ከፍቶ አየና ሣቀ።

«ይኼ ሞተር ነው የዶሮ ቆጥ?»

«ካቃተህ ሌላ መካኒክ አለ!» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። መጀመሪያ ቁጣዬን፣ ቀጥሎ ጥቁር ልብሴን፣ መጨረሻ ሆዴን። ሣቁ ጠፋ። ገብቶ በርጩማ አመጣልኝ።

«ተቀመጪ እህቴ። እንሞክረዋለን።»

ፒስተኑ ተጣብቆ አልላወስ ብሎ ነበር። ናፍጣ እያጠጣ አሳደረው፤ ከዚያ በእንጨት ቀስ እያለ መታ መታ አደረገው። ከካርቡሬተሩ ውስጥ እንደ ሙጫ የደረቀ ቤንዚን ፋቀ። ካንዴላውን ቀየረ። ውሃ የሚስበው ጎማ ተሰባብሮ ስለነበር ከባሕር ዳር አስመጣ። እኔም ለእርግዝና ምርመራ ጎንደር በመጣሁ ቁጥር ጋራዡ ጎራ እላለሁ። ሞተሩን ለማየት ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው!

ውሃ በሞላ በርሜል ላይ አሥሮት ገመዱን እየሳበ መዳፉ ተላጠ። ሞተሩ እምቢ አለ።

«ተው፣ ይበቃሃል» አልኩት።

«አንቺ እያየሽኝማ አልተውም፣ ዓይናዲስ።»

በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። እንደገና ሳበው። ሞተሩ ሳለ፣ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ሰፈሩን በጩኸት አናጋው። አለቀስኩ። እንባዬን ሊጠርግልኝ ዘይት የነካ እጁን ሰንዝሮ፣ ሰው ሲያየን መለሰው።

የዚያን ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ።

«የሙት ዓመቱ ይውጣና ሽማግሌ እልካለሁ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ልጁንም እንደ ልጄ አሳድገዋለሁ። እስከዚያ ስምሽን ማንም አፍ ውስጥ አላስገባም።»

«ብትቀርስ?»

«ከቀረሁ ቢሻው አይደለሁም።»

ጥቁር የለበሰች ሴት ደስታዋን የት ትደብቀዋለች? እኔ አልቻልኩበትም። አማቴ እማማ ትርንጎ ፊቴን ትክ ብለው አይተው፣ «ጎንደር ተስማምቶሻል» አሉኝ።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። የሙት ዓመቱ ሳይደርስ አርባ ቀኑ ደረሰ። ክርስትናው ከባሕሩ ማዶ፣ በባሌ አባቶች ደብር ሆነ። የሚያነሣው ሳንጃ ከተማ የሚኖረው ወንድሜ ምንዳዬ ነው፤ «ቀኑን እኔ እልክበታለሁ» ብለው ነበር አማቴ። ቢሻው ሞተሩን ጀልባዋ ላይ ገጥሞ ሊያሻግረን መጣ። ሞተሩ አንዴም አላስቸገረም። ሕፃኑ ጭኔ ላይ ተኝቷል፤ ቢሻው ከኋላ መሪውን ይዞ እኔን እኔን ያያል። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ምንዳዬ ግን የለም። ስልኩም አይሠራም።

«ቅዳሴ ልንገባ ነው፤ ልጁን የሚያነሣው ማነው?» አሉ ቄሱ።

«ወንድሜ ይመጣል አባ! ትንሽ እንጠብቀው!»

«አይሆንም ልጄ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

ያኔ እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን አስተካክለው በሰው ሁሉ ፊት፣ «ከቢሻው የሚቀርበን ማን አለ? የባሌን ሞተር የሠራልን፣ በሰላም ያሻገረን እሱ አይደለም? እሱ ያንሣው» አሉ።

«ሸጋ ነው! ይገባዋል!» አለ ሰዉ።

ክርስትና ያነሣ ሰው ለልጁ አባት፣ ለእናቲቱ አበልጅ ነው። አበልጅና አበልጅ አይጋባም። ይህን የማያውቅ በአገራችን የለም።

የቢሻው ፊት ዐመድ መሰለ። እምቢ ቢል «ምነው?» ይባላል። ምነው ከተባለ፣ ጥቁሯን ሳታወልቅ ወንድ የያዘች ሴት እኔ ነኝ። «አባ፣ እኔ…» ብዬ አፌን ስከፍት ቢሻው ራሱን ነቀነቀ። ተይ ማለቱ ነው። እጁን ዘረጋና ልጄን ከእቅፌ ወሰደ።

ስንመለስ ጀልባዋ በእልልታ ተሞላች። እኔና እሱ አልተያየንም።

ከሰዓት ምንዳዬ ደወለ።

«በጉን ገዝቻለሁ። ለእሑድ እደርሳለሁ» አለ።

«የምን እሑድ?»

«የክርስትናው ነዋ! እማማ ትርንጎ የሚመጣው እሑድ ነው ብለውኝ የለ?»

ስልኩን ሳልዘጋ ሄጄ አማቴ ፊት ቆምኩ። አልካዱም።

«አንድ ልጄን አፈር አለበስኩ» አሉ። «የልጄን ልጅ ይዘሽ ጎንደር ልትገቢ ነበር። ምን ላድርግ ኖሯል?»

«እግዜር ይይልዎት!»

እንደ ልቤ እንኳ ልጠላቸው አልቻልኩም።

ወደ ባሕሩ ዳር ሮጥኩ። ቢሻው ሞተሩን ከጀልባዋ እየፈታ ነበር።

«ሆን ብለው ነው ያደረጉት! ጳጳሱ ዘንድ እንሂድ፣ እንንገራቸው!»

መፍቻውን ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጠ።

«ክርስትናው ክርስትና ነው። ልጁ ሲያድግ ‹የክርስትና አባትህ እናትህን አገባ› እንዲሉት አልፈልግም። በቃ፣ አበልጄ።»

አበልጄ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ጥር ቢሻው አገባ። አበልጅ ሰርግ አይቀርም። ልጄን ታቅፌ ጎንደር ሄድኩ። ከእናቱና ከእህቶቹ ጋር፣ ከዘመድ ተራ አስቀመጡኝ። ሙሽራዋ ደግ ልጅ ናት፤ ክፉ ብትሆን በተሻለኝ። መጥታ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች።

«አበልጃችን፣ ይመርቁን እንጂ» አለችኝ።

ቢሻው አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ውለዱ ክበዱ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?