የሬዲዮ ንግሥት

«እና ንግሥቲቱ ጓንቷና ጫማዋ ካልተስማሙ ከእልፍኟ አትወጣም ነበር።» ሬዲዮ የሚሏት ልጅ እጇን እንደ ዘውድ አናቷ ላይ ስትጭን ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እንኳን ዘንቦባት እንዲያውም ጤዛ ናት፤ ሳቁን ስትሰማ ለንግሥቲቱ ውሻ ሳይቀር ከጓንቱ ጋር የሚሄድ ሪባን ጨመረችለት።

ሬዲዮ የቀጮ የልብ ጓደኛ ናት፤ ቅጽል ስሙ የወጣላት አፏ ስለማይዘጋ ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው «ከለር ኮኦርዲኔትድ» የሚለውን ጥምር ቃል ትርጉምና አመጣጥ ለክፍሉ እንዲያስረዱ ሁለቱን አዘዋቸው ነበር። ትርጉሙ ለቀጮ ቀላል ነው፤ እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ቀለሞቹ የግድ አንድ ዓይነት ሳይሆኑ ተግባብተው ዓይን ሲማርኩ ማለት ነው ብላ፣ ቡናማ ጨርቅ ላይ ብርቱካናማ ክር አኑራ አሳየቻቸው። ጣጣው አመጣጡ ነው። መዝገበ ቃላቱ፣ የኋለኛው ቃል ከላቲን የመጣ ነው፣ «አብሮ ማደራጀት» ማለት ነው ብሎ ያበቃል። ሬዲዮ ይኼማ እንቅልፍ ያመጣል ብላ ቃሉ ከአንዲት ንግሥት መጣ የሚል ታሪክ ከጭንቅላቷ ፈጠረች። ቀጮ ይቅርብን ብትላት፣ ማን ሊያጣራ ነው፣ ፋራ አትሁኚ አለቻት። ቀጮም እሺ አለች።

አስተማሪው ግን ታሪኩን ከልባቸው ወደዱት። ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ጻፉ ብለው ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ዘውድ የደፋች ንግሥት ሣሉና ከሥሯ ታሪኩን ያሰፍሩት ጀመር። ክፍሉ በሙሉ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። ሬዲዮ ቀጮን በክርኗ ጎሸም አድርጋ ጠቀሰቻት።

ቀጮ ዝም ካለች ጥሩ ማርክ ያገኛሉ፤ ከተናገረች ሬዲዮ በሰው ፊት ውሸታም ልትባል ነው። ጓደኛዋን ደግሞ በጣም ትወዳታለች። ግን ፊት ወንበር ላይ ያለው ልጅ ጨርሶ ካልነበረች ንግሥት ታሪክ ስር በቀይ እስክሪብቶ ሲያሰምር አየችና አንጀቷ አልችል አለ።

«ቲቸር፣ አይጻፉት» አለች። «ንግሥት የሚባል ነገር የለም። እኛ ነን የፈጠርናት።»

አስተማሪው ጠመኔውን እንደያዙ ዞር አሉ። እኛ ማለት ማን ነው ሲሉ ጠየቁ። ሬዲዮ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ሁለታችን» አለች ቀጮ። ከዚያ ዳስተሩን አነሳችና ንግሥቲቱን ከዘውዷ ጀምራ ታጠፋት ጀመር።