ሁለተኛ የማይጠይቅ ግድግዳ

በሲልዳ ግድግዳ ሲያናግርህ ዝም ማለት ባለጌነት ነው። ጨረቃ ሆድ ውስጥ በተቆፈረው በዚህ ከተማ እያንዳንዱ ክፍል የሚናገር ግድግዳ አለው፤ ከእኛ አገር የሄዱት ጥቂት ሰዎች “ጓዳ” ይሉታል። ምግቡም፣ ሙቀቱም፣ ብርድ ልብሱም የሚወጣው ከእሱ ነው። ጓዳ ይጠይቃል፣ ሰው ይመልሳል፣ አለቀ። የሚጠይቀው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አልፈልግም ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ በሲልዳ ስድብ ነው፣ ቃልህን አላመንኩም እንደ ማለት። ሕግ ሳይቀር አውጥተውለታል።

ቲራ የጓዳዎች ጠጋኝ ናት፤ በሥራዋ ማንም አያማትም። የዚያን ቀን የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ካይሳ ወደ አዲስ መጤዎች መንደር ይዛት ሄደች። “አንድ ግድግዳ ተበላሽቷል መሰለኝ” አለቻት በመንገድ ላይ። “ሰውየው ከገባ ጀምሮ ምንም አውጥቶ አያውቅም።”

ሰውየው አቶ እንድሪስ ይባላሉ፤ ከደሴ የትራፊክ ፖሊስነት በጡረታ የተገለሉ፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ገና ያልጎበጠ አዛውንት። ልጃቸው ረውዳ ከጨረቃ ጀርባ ባለው የበረዶ ማዕድን ማውጫ ትሠራለች። አባቷን አስመጥታ፣ የሥራ ተራዋ እስኪያልቅ መጤዎች መንደር እንዲቆዩላት አድርጋለች። መጤ ደግሞ በመጀመሪያው ወር ከከተማው ጋር መላመዱ ይታያል፤ ካልተላመደ ይመለሳል።

ክፍሉ ይበርዳል። አቶ እንድሪስ ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ባዶ የዳቦ ቆሎ ከረጢት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቲራን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

“ከየት ነሽ ልጄ? መልክሽ የእኛ ይመስላል።”

“ከሲልዳ” አለች ቲራ በከተማው ቋንቋ። ሰው ሁሉ ጆሮው ውስጥ “ተርጓሚ ፍሬ” አለችው፣ የምስር ቅንጣት የምታህል፣ የሌላውን ንግግር በገዛ ቋንቋህ የምታሰማህ። አቶ እንድሪስ መልሷን በፍሬዋ በኩል ሰሙት። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቋትም።

ቲራ ሽፋኑን ፈታ አንድ በአንድ መረመረች። ግድግዳው ምንም የለበትም። ሽፋኑን እየመለሰች ሳለ የምሳ ሰዓት ደረሰና ግድግዳው በለሰለሰ ድምፅ፣ “አቶ እንድሪስ፣ ምሳ ላቅርብልዎት?” አለ።

“ኧረ ተይው ልጄ፣ በልቻለሁ። አትቸገሪ።”

“እሺ። ክፍሉን ላሙቀው?”

“ኧረ ምንም አይል፣ ደህና ነኝ።”

“እሺ።” የግድግዳው ድምፅ ጠፋ።

አዛውንቱ ግን ዓይናቸውን ከግድግዳው ላይ አላነሱም። ይጠብቃሉ። ምን እንደሚጠብቁ የገባት ቲራ ብቻ ናት፤ ፊቷ እሳት ሆነ።

ካይሳ ወደ ኮሪደሩ ጎተት አደረገቻት። “አንቺም ከዚያ አካባቢ ነው የመጣሽው ይባላል። መልሱ ውስጥ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ?”

“የለም” አለች ቲራ። “አልፈልግም ካለ አልፈልግም ማለቱ ነው። እዚያም ያው ነው።”

ለምን ዋሸች? ካይሳ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የምታወራው ቀልድ አላት። ድሮ አንዲት መጤ ግድግዳው ምግብ ላቅርብ ባላት ቁጥር “በልቻለሁ” እያለች፣ ምግብ በተትረፈረፈበት ከተማ በረሃብ ኮሪደር ላይ ተዘረረች። “ከግድግዳው ጋር ተኳርፋ ነዋ!” ስትል ሁሉም በሳቅ ይፈርሳል። ቲራም ትስቃለች፣ እንዲያውም ከሁሉ አብልጣ። ያቺ ሴትዮ እሷ ነበረች። ያኔ ስሟ ትርፌ ነበር። ከሐኪም ቤት እንደወጣች ስሟን ቀየረች፣ ሰፈሯን ቀየረች፣ አማርኛንም እርግፍ አድርጋ ተወች።

“እንግዲያው ሰውየው ከተማውን እምቢ ብሏል” አለች ካይሳ። “ወለሉ በየቀኑ ይመዝነዋል፤ እየመነመነ ነው። ሐሙስ መርከብ አለ፣ ይመለስ።”

“ልጅቷስ?”

“ከማዕድኑ ስትወጣ ይነገራታል።”

ቲራ ቤቷ ገብታ እህል አልወረደላትም። በዚህ አቅማቸው የመልሱን ጉዞ መቻላቸውን እንጃ። ቢችሉትስ፣ ልጅቷ መጥታ ባዶ አልጋ ልታገኝ ነው። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ነገ ጥገና ክፍል ውስጥ ያቺ ቀልድ ስምና መልክ ታገኛለች። በራሷ አፈረች፤ ማፈሯ ግን አፏን አላስከፈታትም።

ስለዚህ የምትችለውን አደረገች። በማግስቱ አዛውንቱ ገላቸውን ሲታጠቡ ሹልክ ብላ ገባችና ግድግዳው እንዲለምን አስተማረችው። ቃላቱን አንድ በአንድ በሹክሹክታ ነገረችው። ከዚያ ኮሪደር ላይ ቆማ ጠበቀች።

“ምሳ ላቅርብልዎት?”

“በልቻለሁ።”

“እባክዎ፣ ትንሽ ይቅመሱ።”

አቶ እንድሪስ ቀና አሉ። “ኧረ ጠግቤያለሁ።”

“በሞቴ። አፈር ስሆን ይብሉልኝ።”

ግድግዳውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። “አንቺ ደግሞ ምን ሞት አለሽና ነው በሞቴ የምትይኝ? አፈር የምትሆኚውስ የት ነው?” አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውት ተጋደሙ። ያላገጠባቸው ነው የመሰላቸው።

ወዲያው ካይሳ እየተጣደፈች መጣች። ግድግዳ ሁለተኛ ሲጠይቅ በጥገና ክፍል ደወል ይጮኻል። “ይሄን ግድግዳ ማነው ባለጌ ያደረገው?”

ተበላሽቶ ነው ብትል ይበቃት ነበር፤ ማንም አይጠረጥራትም። ቲራ በበሩ በኩል የአዛውንቱን ጀርባ አየች። በጋቢው ሥር አጥንታቸው ይቆጠራል።

“እኔ ነኝ” አለች። “ኮሪደር ላይ የተዘረረችው ሴትዮም እኔ ነኝ። በልቻለሁ ስል አልበላሁም ነበር፤ እሳቸውም አልበሉም። እኛ የምንጠብቀው ደግመው እንዲለምኑን ነው።”

“ለምን ራበኝ አትሉም?”

“ነውር ነው።”

“ትናንት ጠይቄሽ ነበር እኮ።”

“አፈርኩ” አለች ቲራ። ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ገባችና ግድግዳውን በራሷ ስም ምግብ ጠየቀችው። ምስር ከቂጣ ጋር አወጣላት። ሳህኑን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አማርኛው ምላሷ ላይ ዝጓል።

“አባባ፣ ትንሽ ይቅመሱ።”

ቀስ ብለው ዞሩ። “በልቻለሁ ልጄ።”

“ይቅመሱልኝ እንጂ።”

“ኧረ እኔ ጠግቤ...”

“በሞቴ” አለች፤ እንባዋ መጣ። “ትናንት ከሲልዳ ነኝ ያልኩዎት ዋሽቼ ነው። ትርፌ እባላለሁ፣ የወልድያ ልጅ ነኝ።”

አዛውንቱ ተነስተው ተቀመጡ። “ወልድያ” አሉ። “ታዲያ ሰው አለሁ አይልም?”

የጠቀለለችውን ቢስሚላህ ብለው ከእጇ ጎረሱ። የመጀመሪያውን በቀስታ አኘኩት። ሁለተኛው ላይ ረሃቡ አሸነፋቸውና እጃቸው ተጣደፈ፤ ደንግጠው ፊታቸውን በጋቢያቸው ከለል አደረጉ። እንዳያፍሩ ትርፌ ዞር አለችላቸው።

“አንቺስ?” አሉ ትንሽ ቆይተው።

“በልቻለሁ።” ሳታስበው ነው ያመለጣት።

እሳቸው ግን ጠቅልለው ይዘዋል። “በሞቴ። በረውዳ ሞት።”

እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ ይህን ያላት ሰው አልነበረም። ግድግዳው በየቀኑ ሲያበላት ኖሯል፤ ብትበላ ደስ የሚለው ግን ማንም አልነበረም። አፏን ከፈተች፤ ምስሩ ከእንባዋ ጋር ጨው ጨው አላት።

ካይሳ በሩ ላይ ቆማ ጆሮዋን ይዛለች። “ተርጓሚዬ እሞታለሁ አለ ይለኛል። ልጄም ትሙት አለ ይለኛል። ሐኪም ልጥራ?”

“አትጥሪ።”

“ለምንድን ነው የሚሞተው?”

“እንድበላ።”

ካይሳ እጇን ከጆሮዋ አወረደች። “ሐሙስ መርከቧ ያለ እሱ ትሂድ” አለች።

“እሷስ ቆማ ልትቀር ነው?” አሉ አቶ እንድሪስ ወደ ካይሳ እያመለከቱ።

ትርፌ ሳህኑን ዘረጋችላት። “ነይ ብዪ።”

“አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም።”

ትርፌ በለመደችው የከተማ ደንብ ሳህኑን መለሰች።

“ድገሚያት እንጂ” አሉ አዛውንቱ።

“አባባ፣ እዚህ ነውር ነው።”

“ድገሚያት።”

ደገመቻት። ካይሳ ቀላች፣ ሊሰድቧት እንደሆነ ሁሉ ወደ ኋላ አለች። ትርፌ ሦስተኛውን ጨመረች፤ “በሞቴ፣ ካይሳ።”

ካይሳ ወለል ወለሉን አየች። “የእኔም ግድግዳ ዛሬ ጠዋት ጠይቆኝ ነበር” አለች። “አልፈልግም አልኩት። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ነው የምለው። እሺ ይለኛል።” ቀጥሎ ድምፅዋ ዝቅ አለ። “ያንን ቀልድ ሳወራ አጠገቤ ሆነሽ ትስቂ ነበር።”

“እስቅ ነበር።”

“አፈርኩ” አለች ካይሳ፣ ይህን ቃል ገና ዛሬ እንደተማረ ሰው። መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አቶ እንድሪስ ጠጋ አሉላትና ጠቅልለው ዘረጉላት። እሷም እያፈረች ጎረሰች።

“ተጨማሪ ላቅርብ?” አለ ግድግዳው።

ሦስቱም አፋቸው ሞልቶ ነበርና ማንም አልመለሰለትም።