ዝቅ አልልም

ዴንቨር ትልቅ ከተማ ናት ይባላል። ለሐበሻ ግን ከአንድ ቀበሌ አትሰፋም። ግሮሰሪ ብትሄድ የአክስትህ ጎረቤት ሽንኩርት ትመርጣለች፤ ኤርፖርት ብትሄድ አብሮ አደግህ ሻንጣ ይጭናል፤ ታመህ ሆስፒታል ብትገባ እንኳ ትኩሳትህን የምትለካው የሰፈርህ ልጅ ናት። እንዲህ ባለ ከተማ ሁለት ዓመት ሙሉ ተደብቆ መዋደድ ቀላል ሙያ አይደለም። ጽጌ ግን ተክናበታለች።

ሙያው እንዲህ ነው። በፍቅረኛዋ በጥሩሰው መኪና ውስጥ እያሉ የሐበሻ ፊት ብቅ ካለ፣ እሱ መንገዱን እያየ በለሆሳስ «ዝቅ በይ» ይላል። እሷ ትንሸራተታለች። የጋቢናው ወንበር ድጋፍ ለዚሁ ተብሎ ሁልጊዜ ወደ ኋላ እንደተኛ ነው። ከአውሮራ እስከ ግሌንዴል ስንቴ ተመላለሰች፤ ጠይቋት፣ በደንብ የምታውቀው የመኪናውን ጣሪያ ነው።

የተዋወቁትም መኪና ውስጥ ነበር። ጽጌ በምትሠራበት ሆስፒታል እንደ እሷ ያሉ የነርስ ረዳቶችም ዶክተሮችም መኪናቸውን ራቅ ካለ ሜዳ ላይ አቁመው በሚኒባስ ይመላለሳሉ፤ የሚኒባሱ ሹፌር ጥሩሰው ነው። በረዶ በጣለበት አንድ ጠዋት ጓንቷን ረስታ ስትንቀጠቀጥ አያትና ምንም ሳይል የራሱን አውልቆ ሰጣት። ስትወርድ ልትመልስለት ብትል «ማታ ትመልሽልኛለሽ» አላት። ማታ አልመለሰችም። እስከ ዛሬም አልመለሰችም።

ታዲያ ምን ያስደብቃቸዋል? ጥሩሰው ጴንጤ ነው፤ እሁድ እሁድ ቸርቹ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል። ጽጌን ዲቪ ሲደርሳት ስፖንሰር ሆነው ያመጧትና እንደ ልጃቸው ያኖሯት አጎቷ ጋሽ ወልደየስ ደግሞ የዕድሩ ሊቀመንበር፣ ከቅዳሴ ቀርተው የማያውቁ ሰው ናቸው። «ጴንጤ» የሚለውን ቃል ሲጠሩ እንኳ እንደ ክፉ በሽታ ስም ድምፃቸውን ቀነስ ያደርጋሉ።

በዚህ ላይ ሽማግሌ መጣ። ኃይሌ ለሚባል ሰው ሦስት ሽማግሌዎች የጋሽ ወልደየስን በር አንኳኩ። ሽማግሌ መጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፤ «እንመካከርበት» ተብሎ ይሸኛል። በሁለተኛው ቀጠሮ ግን መልሱ ምን እንደሆነ እንግዳውም ባለቤቱም ያውቀዋል። ጋሽ ወልደየስ ጽጌን አስቀምጠው «ኃይሌን ታውቂዋለሽ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሴንቴኒያል ሰፈር ቤት ገዝቷል። ምን ትያለሽ?» አሏት።

ምንጣፉን እያየች ዝም አለች። እሳቸውም ዝምታዋን እሺታ አድርገው ወሰዱት፤ ፈገግ ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ኃይሌ ክፉ ሰው ቢሆን እንኳ ይቀላት ነበር። ችግሩ ክፉ አለመሆኑ ነው።

ሁለተኛው ቀጠሮ እሁድ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ መስቀል ባለፈ በቀናት ውስጥ፣ ጽጌ የአዳር ሥራዋን ጨርሳ ወጣችና የጥሩሰው መኪና ውስጥ ገብታ በሩን በኃይል ዘጋችው።

«ንዳ።»

«ወዴት? ቤት አላደርስሽም?»

«ወደ ተራራው። አንዲት ታማሚ አለችኝ፣ አሮጊት ናት። ሌሊቱን ሙሉ ‹አልጋዬን ወደ መስኮቱ አዙሪልኝ› ስትለኝ አደረች። ለካ በዚህ ሳምንት ተራራው ላይ ያለው ቅጠል ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ‹አይተሽዋል?› አለችኝ። ስድስት ዓመት እዚህ ኖሬ አላየሁም ለማለት አፈርኩ።»

«እንቅልፍሽስ?»

«ጥሩሰው፣ እስከ ነገ ማታ ቤት አልመለስም። ሽማግሌዎቹ መጥተው ባዶ ሶፋ ያግባቡ።»

ጥሩሰው አያት። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ሲያስብ መሪውን በጣቶቹ መታ መታ ያደርጋል። አሁንም መታ መታ አደረገ።

«ነገ ኪቦርድ የምጫወተው እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«ነገ በጭብጨባ ይዘምሩ።»

ሳቀና መኪናውን አስነሳ።

«ጋሼ ቢፈልጉሽስ?»

«ዛሬ ዕድር አለብኝ ብለዋል። እስከ ማታ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ደግሞ አትስጋ፤ ሐበሻ ዛፍ ለማየት ነዳጅ አያቃጥልም።»

ከተማው ወደ ኋላ ቀረ። መንገዱ እየጠበበ፣ እየተጠማዘዘ ወጣ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ዛፍ ቢጫ ሆኖ ታየ። ከዚያ ገደሉ ሁሉ፣ በጥቁር አረንጓዴው ጽድ መሃል እርድ የተደፋበት መሰለ። አስፐን ነው የዛፉ ስም። ነፋስ በሌለበት እንኳ ቅጠሉ ይንቀጠቀጣል። ጽጌ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጇን ወደ ውጭ ዘረጋች፤ ብርዱ ጣቶቿን ቆነጠጣቸው።

«ወንበሩን ለምን ቀና አታደርጊውም? እዚህ ማን ያይሻል?» አላት ጥሩሰው።

«ለምጄዋለሁ» አለችው። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነገሩ ደስ አላላትም።

ኬኖሻ የሚባለው የተራራ አናት ሊደርሱ ሲሉ መኪናው ሁሉ ቆመ። የዴንቨር ሰው በሙሉ ቅጠል ሊያይ ወጥቷል። ወደ ላይ አንድ መስመር፣ ወደ ታች አንድ መስመር፤ መሃል መንገድ ላይ ሰው እየወረደ ፎቶ ይነሳል። ከፊታቸው የቆመ የአንድ ነጭ ቫን በር ተከፈተ። መጀመሪያ ነጠላ ታየ። ቀጥሎ ፔርሙዝ የያዙ ሴት ወረዱ። ከእሳቸው ኋላ ካሜራ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ኮታቸውን የቆለፉ ሽማግሌ ሰው ተከተሉ።

ጋሽ ወልደየስ ነበሩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የዕድርተኛው ልጆች «እናንተ ተሰብስባችሁ የምታወሩት ስለ ሞት ብቻ ነው» እያሉ ስለወተወቱ፣ ዕድሩ ለአንድ ቀን አዳራሹን ትቶ ሽርሽር ወጥቷል። ጋሽ ወልደየስ «ዕድር አለብኝ» ያሉት እውነታቸውን ነው፤ ጽጌ የት ብላ አልጠየቀችም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«ዝቅ በይ!» አለ ጥሩሰው።

ሰውነቷ ሳታዘው ተንሸራተተ። ጣሪያው ያው ጣሪያ ነው፤ ያቺ የቡና ጠብታ ምልክት እንኳ ቦታዋ ላይ አለች። ከመስኮቱ ጫፍ በኩል ጣት የማታህል ቢጫ ብቻ ትታያታለች። ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ የምታየው ጣሪያ ነው። ዛሬ ማታ ሄዳ የምትደበቅበት ሞቴልም ሌላ ጣሪያ ነው። ነገ ሽማግሌዎቹ ባዶ ቤት ቢያገኙ በሳምንቱ ይመለሳሉ፤ እሷም በሳምንቱ ዝቅ ትላለች። አልሸሸችም ለካ፤ ተራራ ድረስ መጥታ ዝቅ ብላ ነው ያለችው። እልህ ያዛት።

«አልልም።»

«ምን አልሽ?»

«ዝቅ አልልም!»

የወንበሩን ማንሻ ሳበችው። ድጋፉ ተፈናጥሮ ጀርባዋን መታት። በሩን ከፍታ ወረደች።

ጋሽ ወልደየስ ካሜራቸውን ወደ ዛፉ እንዳነጣጠሩ አዩዋት። «ጽጌ? ተኝተሽ አይደለም እንዴ? ከማን ጋር መጣሽ?»

«ከጥሩሰው ጋር።»

«ጥሩሰው ማነው?»

«የምወደው ሰው ነው፣ ጋሼ።»

ፔርሙዟን የያዙት እትዬ ብዙዬ፣ የዕድሩ አንጋፋ፣ ጋሽ ወልደየስን «አንተ» የሚሉ ብቸኛ ሰው፣ ሻዩን መቅዳት አቆሙ።

«ነገ ሽማግሌ ይመጣል። ደውዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አሉ ጋሽ ወልደየስ።

«ቃሉ የእርስዎ ነው። እኔ አልሰጠሁም።»

«ጠይቄሽ ዝም አላልሽም?»

«ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ፍርሃቴን ነው እሺ ያሉት።»

«የየት ደብር ልጅ ነው?»

«ጴንጤ ነው» አለች፤ ድምጿን አልቀነሰችም። ከቫኑ ውስጥ አንድ ሰው አማተበ። «አልለወጠኝም፣ አልለወጥኩትም። ሁለት ዓመት ተጨቃጭቀን ጨርሰናል። ረቡዕ እሱ ዶሮውን ይበላል፣ እኔ ሽሮዬን እበላለሁ።»

«ሁለት ዓመት!» ጋሽ ወልደየስን የጎዳቸው ይሄ ነበር፤ ካሜራው ከእጃቸው ወርዶ ደረታቸው ላይ ተንጠለጠለ። «ቤቴ ውስጥ እየኖርሽ፣ ሁለት ዓመት?»

እንባዋ መጣ። አልጠረገችውም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ይቅርታ የምጠይቅዎት ስለ መደበቄ ነው። ስለ መውደዴ አይደለም።»

ጥሩሰው ከመኪናው ወርዶ ከኋላዋ ቆሟል፤ አገጩ ደረቱ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ዘወር ብላ «ቀና በል» አለችው። ቀና አለ።

ጋሽ ወልደየስ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «የሰው ልጅ በመኪና ይዞ መዞር ነው እንጂ፣ የምትልከው ሰው የለህም አንተ?»

«የለኝም፣ ጋሼ። እናቴ ያለችው አገር ቤት፣ ሆሳዕና ነው። የቸርቻችንን ሽማግሌዎች ለምኛቸው ነበር። ኦርቶዶክስ ቤት አንሄድም አሉኝ።»

ጽጌ ይህን አልሰማችም ነበር። እሱም ለካ የሽማግሌዎቹን በር አንኳኩቷል፤ ተመልሷል፤ እንዳይከፋት ብሎ ዋጥ አድርጎታል። እጁን ያዘችው። በአጎቷ ፊት፣ በዕድርተኛው ሁሉ ፊት፣ የጥሩሰውን እጅ ያዘችው።

«እኔ እሄድለታለሁ» አሉ እትዬ ብዙዬ።

«እትዬ ብዙዬ! ሴት ሽማግሌ ሆና ታውቃለች?»

«ሰው የለህም ወይ አልከው። እኔ ምንድን ነኝ?»

ከኋላ የመኪና ጡሩንባ ጮኸ። መስመሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ጋሽ ወልደየስ የቫኑን በር እንደያዙ ወደ ጽጌ ዞሩ፤ ፊታቸው አልፈታም።

«ነገ ለኃይሌ ሽማግሌዎች መልሱን የምትነግሪው አንቺ ነሽ። እኔ አፌን ሞልቼ የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ ደግሞ እሺ አላልኩም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ዝም ቢሉም እሺ ብለዋል አልልም።»

ጋሽ ወልደየስ ቫኑ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። እትዬ ብዙዬ ግን ወደ ቫኑ አልተመለሱም። «እዚያ ጠበበኝ» ብለው ፔርሙዛቸውን ታቅፈው የጥሩሰው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ገቡ፤ በሩ ሳይዘጋ «በል፣ የእናትህ ስም ማነው? ነገ ስጠየቅ አፌን ይዤ እንዳልቀር» አሉት።

አናቱ ላይ ወርደው ቅጠሉን አዩ። ጽጌ እስክትጠግብ አየችው። ከዚያ ወደ አውሮራ ቁልቁል ተመለሱ፤ ሞቴሉም ሽሽቱም ቀርቶ ነገ የምትቀመጥበት ሶፋ ይጠብቃታል። መንገዱ አንድ መስመር ነው፤ መቅደም የለ፣ ማምለጥ የለ። ነጩ ቫን ከፊት፣ እነሱ ከኋላ። የቫኑ የኋላ መስኮት በዕድርተኛ ፊት ሞልቷል። ከፊቶቹ አንዱ የጋሽ ወልደየስ ነው። አንዴ ዞረው ጽጌን አዩ። ሁለተኛ ሲዞሩ ያዩት ሹፌሩን ነበር፤ ረዘም አድርገው አዩት።

ጥሩሰው መሪውን መታ መታ አደረገ። «እያዩን ነው» አለ በለሆሳስ፤ የሁለት ዓመት ልማድ ነው።

ጽጌ ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው። «ይዩን።»