ጠርዙ የተሸረፈው ኩባያ

ጡረተኛው መምህር የቁርስ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ከፊቱ ሁለት የሻይ ኩባያዎች ነበሩ፤ አንዱ ደህና፣ አንዱ ጠርዙ የተሸረፈ። መርዝ የተገኘው በተሸረፈው ውስጥ ነው።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ሚስቱን አስቀድማ ጠየቀች።

«ሻዩን ማን ቀዳው፣ እማማ?»

«እኔ። ስኳር ላመጣ ዞር ስል ትሪው አጠገብ የቀረው ወንድሙ ነው። ባሌ ደግሞ እጁ ያረፈበትን ነው የሚያነሳው፤ መርዙ ለእኔም ይደርስ ነበር፣ ልጄ!»

ወንድምየው ዓይኑ ቀልቷል። «ጋሼን? ዓመት ሙሉ ልጠይቀው የሰነፍኩ ሰው፣ ልገድለው እተጋለሁ?»

ሟቹ ኩላሊቱን ስለሚያመው የሚጠጣውን ሁሉ እንዲመዘግብ ሐኪም አዞት ነበር፤ የኩባያዎቹ መጠን ስለሚለያይ በየትኛው እንደጠጣም ይጽፋል። መርማሪዋ ደብተሩን ይዛ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጣቢያው በሳንቲም ድምፅ ተሞላ። አለቃዋ ብቅ ብሎ «ቁማር ቤት ከፈታችሁ?» አለ።

በማግስቱ ሁለቱን እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ደብተሩ ላይ ከተመዘገቡት ሃያ ጠዋቶች አስራ ስድስቱን በተሸረፈው ጠጥቷል። እጁ ያረፈበትን የሚያነሳ ከሆነ ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ሃያ ጊዜ ወረወርን፤ እሱንም መቶ ጊዜ ደጋገምን። አንዱ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ፣ አስር፣ አስራ አንድ ጊዜ ነው የወጣው። አንዴ ብቻ አስራ አምስት ደረሰ፤ አስራ ስድስት የደረሰ የለም። ሰውየው ይመርጥ ነበር። ገዳዩም ምርጫውን ያውቃል።»

«እኔ ኩባያው መሸረፉንም አላውቅ!» አለ ወንድምየው።

«ልክ ነው፤ እስከ ትናንት ዓመት ሙሉ አልመጡም። ትሪውን በየጠዋቱ የሚያቀርቡት እማማ ናቸው፤ አይመርጥም ብለው የዋሹኝም እሳቸው።»

«አራቱ ቀንስ?» አለች አሮጊቷ። «በደህናው አልጠጣም?»

መርማሪዋ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አሮጊቷ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች።

«አርባ ዓመት! ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሳ እጁን ወደዚያ ስባሪ ይሰዳል። ከወንበሩ አልለየኝም። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ አስቦኝ አያውቅም።»

መርማሪዋ ደብተሩን ገልጣ አዞረችላት። ደህናው ኩባያ የተጻፈባቸው ጠዋቶች አራት ናቸው። በሦስቱ ጎን «እህቷ ጋ አድራለች» ይላል። በአራተኛው ጎን፣ በተንቀጠቀጠ ጽሑፍ፦ «ዛሬም የለችም፣ በደህናው ጠጣሁ። ስትመጣ ደህናው ለእሷ ነው፤ ያኛው ከንፈሯን ይቆርጣታል።»

አሮጊቷ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ደህናውን ኩባያ አንስታ ጠርዙን በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው። የትም አልቧጨራትም።