የአፍንጫ የመጨረሻ ብርጭቆ

አፍንጫ ሞተ። እንዲህ ሲባል የሚስቅ አይጠፋም፤ ግን የሰውየው መጠሪያ ይኸው ነበር። ውስኪ አሽትቶ በምን ዓይነት በርሜል እንዳረጀ የሚናገር ዝነኛ ቀማሽ ስለነበር፣ ከሚስቱ በቀር በስሙ የሚጠራው አልነበረም። አሁን በመጠጥ ቤቱ የቅምሻ ክፍል ወለል ላይ ተዘርሯል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አፈ ጠባቡን ብርጭቆ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። የተባይ መርዝ ነው፤ ክርፋቱ አናት ይበሳል። ከዚያው ጠርሙስ የጠጡት ሌሎቹ ግን ደህና ናቸው። የቀዳችው ሚስቱ ስለነበረች ፖሊሶቹ እሷን ይዘው ሊሄዱ ተነሱ።

«ቆዩ እስቲ፣ ምን ያስቸኩላል?» አለቻቸው መርማሪዋ።

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት፣ ሽቅርቅር ያለች ሴት ናት፣ የሆነውን አስረዳች። መጠጡ ሼሪ የሚባለው ወይን በነበረበት በርሜል ያረጀ፣ ሲንግል ሞልት የሚባል የስኮትላንድ ውስኪ ነው። ዛሬ የሟቹ ፎቶና ቃሉ የታተመበት ጠርሙስ ሊመረቅ ነበር። ሟቹ ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር ይዞ «ዘቢብ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቅርንፉድ፣ ማር» አለ፤ ተጨበጨበለት፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

ታናሽ ወንድሙ እንደወትሮው ከጎኑ ነበር። ሁልጊዜ ቀድሞ ይቀምሳል፣ በጆሮው የሆነ ነገር ይለዋል፣ ከዚያ ብርጭቆውን ያቀብለዋል። ታዛዥነቱ በሰው ሁሉ የተመሰገነ ነው። እንባውን እየጠረገ፣ የወንድሙ ሚስት ክፉኛ ቀናተኛ መሆኗን ለመርማሪዋ ሹክ አላት።

ሚስት አልካደችም። «አዎ፣ ቀንቻለሁ። ያረረ ምግብ ባቀርብለት አጣጥሞ ይበላል። የተበላሸ ወተት ይጠጣል። ልቡ ሌላ ቦታ ባይሆን ነው?» ብላ የመጠጥ ቤቱን ባለቤት ገላመጠቻት።

«እኔን ነው? ወይ ጉድ!» አለች ባለቤቲቱ።

መርማሪዋ ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠች።

«ሰውየው መርዝ ላይ አፍንጫውን ደቅኖ ዘቢብ አለ። ለምን? ምንም አይሸተውማ፤ ጣዕምም አይለይም። ያረረውንም የተበላሸውንም ዝም ብሎ የዋጠው ለዚሁ ነው። አፍንጫው ይሠራል ብሎ የሚያምን ገዳይ ደግሞ እንዲህ የሚከረፋ መርዝ አይመርጥም። ሚስቱ ብታውቅ ኖሮ ባልቀናች። ባለቤቲቱም ብታውቅ ኖሮ ፎቶውን ጠርሙስ ላይ ባልለጠፈች። የሚያውቀው፣ ቃሉን በጆሮው ሲነግረው የኖረ ሰው ነው። ብርጭቆውን ያቀበለውም እሱ ነው።»

ወንድምየው እንባውን መጥረጉን ቀጠለ። ይህ ግምት ብቻውን ፍርድ ቤት እንደማይረታ መርማሪዋ አላጣችውም። ሆን ብላ ወደ ባለቤቲቱ ዞረችና ጠርሙሱ እንዳለ ቢወጣ እንደሚሻል፣ ያን የመሰለ ምላስ ዳግም እንደማይገኝ እያደነቀች ነገረቻት። «ማሩን እንኳ ከእሱ በቀር ማን ያገኘው ነበር?» አለች።

«ማር የለበትም» አለ ወንድምየው።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ማሩን ከራሱ የጨመረው እሱ ነው። የቀረው የእኔ ነው። ስንት ዓመት እኔ ስቀምስ ለእሱ ተጨበጨበለት። ቻልኩት። የእኔን ቃል ከእሱ ፊት ሥር ታትሞ ሳየው ግን አንጀቴ አረረ።»

ይዘውት ወጡ። ሚስት ብቻ ከወንበሯ አልተነሳችም። ባሏን ከሌላዋ ልመልስ ብላ በየቀኑ ውድ ሽቶ ትቀባ ነበር፤ እሱ አንድ ቀን እንኳ ምንም ብሏት አያውቅም። የእጅ አንጓዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ጠልቶኝ መስሎኝ ነበር እኮ» አለች።