ጭሱ የወጣለት ከሰል

ምንይሉ የሞተው አልጋው ላይ ነው፤ ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ተስቦ ጠርዙ ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ተወሽቋል። ኢንስፔክተር ደብሪቱ ሶማሌ ተራ ካለው ሱቅ በላይ ወደምትገኘው ጠባብ ክፍሉ ጠዋት ስትደርስ፣ ሳጅን ፍስሐ ገዳዩን ይዞ ጨርሷል። ቢያንስ እሱ እንደዚያ መስሎታል።

«የከሰል መርዝ ነው የገደለው ብሏል ሐኪሙ» አላት፣ ጥግ ላይ ያለውን ማንደጃ እያሳየ። «የበሩ ሥር በጨርቅ ተጠቅጥቋል፤ ያውም ከውጭ። እዚያ የተቀመጠው ጓደኛው ሰላሃዲን ደግሞ ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። የኬሚስትሪ መምህር ነው።»

«በምን ተጨቃጨቁ?»

«በቃል።»

ደብሪቱ ቀልድ መሰላት። ሰላሃዲን ግን በካቴና የታሰሩ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

«እውነቱን ነው። አብረን ለሳይንስ ቃላት የአማርኛ ስም እናወጣለን። ከከሰል የሚወጣውን መርዘኛ አየር ‹የከሰል ጭስ› እንበለው አለ። ሰው አዲስ ነገር የሚገባው በሚያውቀው አስታኮ ነው፣ ጭስን የማያውቅ የለም ብሎ። እኔ ደግሞ ይሄ አየር አይታይም፣ አይሸትም፤ ጭስ ካልከው ሰው የሚፈራው ጭሱን ብቻ ነው አልኩት። አልሰማኝም።»

ምንይሉ ያሸነፈበት ማስጠንቀቂያ ደረጃው ላይ በትልቁ ተለጥፏል፦ «የከሰል ጭስ ይገድላል!»

የቤቱ ባለቤት ጋሼ ጎበዜ ጓሮ ቆመው ያጉረመርማሉ።

«ክፍሉን ለመጋዘን ይፈልጉት ነበር አሉ» አለቻቸው ደብሪቱ።

«ብፈልግስ? ልጁን ልገድለው ነው እንዴ! ይልቅ ትናንት ማታ ጓሮዬን በጭስ ያፈነውን ሰው ፈልጊልኝ።»

«ማን ነበር?»

«ጭሱን እንጂ ሰውየውን መች አየሁት!»

የሟቹ ታላቅ እህት ሐመልማል ደረጃው ሥር ተኮራምታ ተቀምጣለች። ምንይሉን ቅመም እየሸጠች ያሳደገችው እሷ ናት።

«ሳጅኑ ምን ጠየቀዎት፣ እትዬ?»

«ጭስ ያለው ነገር ክፍሉ አስገብተሻል ወይ አለኝ። አላስገባሁም፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።»

አልዋሸችም። ደብሪቱ ወደ ላይ ተመልሳ ማንደጃውን በእርሳስ ቆሰቆሰች፤ ነጭ አመድ ብቻ። ከዚያ የበሩን ጨርቅ አነሳች። ያየችውን ባላየች በወደደች።

ሁሉንም ጓሮ ሰበሰበቻቸው።

«ከሰሉ የተቀጣጠለው እዚህ ነው። ጭሱ እስኪያልቅ ተራግቧል፤ ፍም ከሆነ በኋላ ነው ወደ ላይ የወጣው። አመዱ ውስጥ አንድ ጥቁር ፍሬ የለም። ለምን ይመስልሃል፣ ፍስሐ?»

«ሟቹ እንዳይነቃበት ነዋ።»

«ታዲያ ብርድ ልብሱን ማን ወሸቀለት? ሰው ተኝቶ የራሱን ዙሪያ እንዲያ አይወሽቅም። ይሄ ሰው ለምንይሉ የፈራለት ሁለት ነገር ነው፤ ብርድና ጭስ። ጭሱ ሲወጣ ሞቱም አብሮ የወጣ መስሎታል። ሰላሃዲን እንዲህ ሊያስብ አይችልም፤ ሲሟገት የከረመው ይሄንኑ ነው። ፍታው።»

የበሩን ጨርቅ ዘርግታ አሳየቻቸው። እርድ ቢጫ አድርጎታል። ሁሉም ወደ ቅመም ነጋዴዋ ዞሩ።

«ጉንፋን ይዞት ነበር» አለች ሐመልማል ቀስ ብላ። «ነፋስ እንዳይገባበት ብዬ ነው የጠቀጠቅኩት። ጭሱ እኮ ወጥቷል! ራሱ ነው ጭሱን ፍሪ ያለኝ።»

ደብሪቱ ስንት ነፍሰ ገዳይ ፊት ቆማለች፤ እንዲህ የምታደርገው የጠፋት ቀን ግን የለም። ቃሏን መቀበል አለባት፤ እስክሪብቶ ማውጣት አቃታት።

ሐመልማል ወደ ሰላሃዲን ዞረች።

«አንተ ታውቀዋለህ አሉ። ጭስ ካልሆነ ወንድሜን የገደለው ስሙ ማን ነው?»

ሰላሃዲን ካቴና የላጠውን የእጁን አንጓ እያሻሸ አጠገቧ ተቀመጠ። የተሟገተለት ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ዋጠው።

«ስም የለውም፣ እትዬ» አላት። «ገና አላወጣንለትም።»